ለፒክአፕ መኪና ተገቢው የጎማ ነፋስ ልክ እንዴት እንደሚታወቅ

ማንኛውም ነጋዴ ዕቃውን ከመጫኑ አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን ኪራይና የሚያገኘውን ትርፍ ያሰላል። ዕቃውን የሚሸከሙት አራት ጎማዎች ምን ያህል ነፋስ እንደ ያዙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎች ይህን ጉዳይ ለሾፌሩ ይተዉታል፤ ሾፌሩ ለጎሚስታው ይተወዋል፤ ጎሚስታው ደግሞ መኪናው ምን እንደሚጭንና ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ በልማድ የያዘውን ቁጥር ይሞላል። በዚህ አኳኋን የሚደርሰው ኪሳራ አብዛኛው በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም። ጎማው ከዕድሜው በፊት ያልቃል፤ የነዳጁ ወጪ ከፍ ይላል፤ ዕቃው በመንገድ ይንገላታል። አንዳንድ ጊዜም ጭነት የያዘ መኪና በቁልቁለት ላይ ጎማው ይፈነዳና ከንብረት ጋር የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ፒክአፕ የተባለው ቀላል የጭነት መኪና ለዚህ ስሕተት ከሌሎች ይልቅ የተጋለጠ ነው። የቤት መኪና ዛሬ የሚሸከመው ክብደትና ነገ የሚሸከመው ክብደት ተቀራራቢ ነው። ፒክአፕ ግን ጧት ባዶውን ይወጣና ማታ አሥር ኩንታል ጭኖ ይገባል። ስለዚህ ለፒክአፕ ሁሉ፣ ለሁልጊዜም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ተገቢው ልክ የሚገኘው አራት ነገሮችን አንድ ላይ በመመልከት ነው፤ እነዚህም የፋብሪካው ሰሌዳ፣ የጭነቱ ክብደት፣ የጎማው ዓይነትና ነፋሱ የሚለካበት ጊዜ ናቸው።

ነፋሱ የሚሠራው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በነፋስ የተነፋ ጎማ ሠራለት። ከዚያ ወዲህ በነፋስ የሚነፋ ጎማ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ወይም በውስጡ ያለው ሽቦ ይመስለዋል። ላስቲኩ በእርግጥ እንደ ስልቻ ነው፤ ስልቻ ካልተነፋ እንደማይቆም ሁሉ፣ ጎማም ክብደት ሊሸከም የሚችለው በውስጡ በታፈነው ነፋስ ግፊት ነው። ጭነት በጨመረ ቁጥር ተጨማሪ ግፊት ማስፈለጉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ግፊቱ የሚለካው በፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። በጎሚስታ ቤት «ሠላሳ አምስት ሙላ» ሲባል የሚጠራው ቁጥር ይኸው ነው፤ ከዚህ በታችም ፓውንድ የሚለው ቃል ይህን መለኪያ ያመለክታል። ከውጭ አገር በሚመጡ መኪናዎች ሰሌዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ባር፣ ኪሎፓስካል፣ ወይም ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። 1 ባር ማለት 100 ኪሎፓስካል ሲሆን 14.5 ፓውንድ ይሆናል፤ 1 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ደግሞ 14.2 ፓውንድ ነው። ስለዚህ 2 ባር 29 ፓውንድ፣ 2.4 ባር 35 ፓውንድ፣ 3 ባር 43 ተኩል ፓውንድ፣ 4 ባር 58 ፓውንድ መሆኑን ማወቅ ለሾፌርም ለባለ መኪናም ይጠቅማል።

ነፋስ ሲያንስና ሲበዛ

ነፋሱ ከልክ ያነሰ እንደ ሆነ የጎማው ጐን በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይታጠፋል። ሽቦን ደጋግሞ ያጠፈ ሰው እንደሚያውቀው መታጠፍ ሙቀትን ይፈጥራል። ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጥ ሽቦው ጋር ያያያዘውን ማጣበቂያ ያደክመዋል፤ በመጨረሻም የጎማው ልብስ ይላቀቃል ወይም ጎማው ይፈነዳል። ይህ አደጋ የሚበረታው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ይኸውም ያነሰ ነፋስ፣ የበዛ ጭነትና በሞቃት አገር የሚደረግ ፈጣን ጉዞ ነው። ከአደጋው በፊት የሚታየው ምልክት የጎማው ሁለት ጠርዝ ከመካከሉ አስቀድሞ ማለቁ ነው።

ነፋሱ ከልክ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ጎማው እንደ ሆድ ይነፋና መንገዱን የሚነካው በመካከሉ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መካከሉ ቶሎ ያልቃል፤ በጠጠር መንገድም ላይ ጎማው ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ማለፍ ሲገባው ይቆረጣል። ባዶ ፒክአፕ የኋላ ጎማው እጅግ የተነፋ እንደ ሆነ ጀርባው ይነጥራል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝም በቀላሉ ይንሸራተታል። ጠርሙስ፣ እንቁላል፣ ቲማቲም ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያጓጉዝ ነጋዴ ያለ ምክንያት የሚደርስበት የመሰለው ስብራትና ብልሽት አንዳንድ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ

ትክክለኛው መነሻ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የለጠፈው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው የበሩ መቃን ላይ ነው፤ በዚያ ከሌለ ከመኪናው ጋር በሚሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሰሌዳው የጎማውን ልክ፣ የፊት ጎማዎችን ግፊትና የኋላ ጎማዎችን ግፊት ለየብቻ ይናገራል። በአንዳንድ ፒክአፕ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ይኖራል፤ አንደኛው ለቀላል ጭነት፣ ሁለተኛው ለሙሉ ጭነት ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ካለ ያ ቁጥር እስከ ተፈቀደው ሙሉ ጭነት ድረስ የሚያገለግል ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው ዘንድ የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ። በጎማው ጐን ላይ ታትሞ የሚታየውን ቁጥር ለመኪናው የታዘዘ ልክ አድርገው የሚሞሉ አሉ። ያ ቁጥር የጎማው ፋብሪካ ያሰፈረው የመጨረሻ ወሰን ነው፤ ጎማው በየትኛው መኪና እንደሚገጠም ፋብሪካው አያውቅምና ለአንዱ መኪና የሚስማማውን ሊናገር አይችልም። በአንድ ጆንያ ላይ «ከ100 ኪሎ በላይ አይጨመርበት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሁልጊዜ 100 ኪሎ ይሞላበት ማለት እንዳልሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የጎማውም ነገር እንዲሁ ነው።

ጭነትን ማስላት

የፒክአፕ ሞተር ከፊት ስለ ሆነ ባዶ በሆነ ጊዜ ከባዱ ክፍል የፊቱ ነው። ጭነት ሲመጣ ግን የዕቃ መጫኛው በኋላ እግር ላይ ያረፈ ስለ ሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ለምሳሌ ያህል ባዶ ክብደቱ 1,800 ኪሎ ግራም የሆነ ፒክአፕ ቢታሰብ፣ ከዚህ ውስጥ 1,050ው በፊት እግር፣ 750ው በኋላ እግር ላይ ያርፋል እንበል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የሚሸከመው 375 ኪሎ ነው። አሥር ኩንታል ቢጫንበትና 900 ኪሎው በኋላ፣ 100 ኪሎው በፊት እግር ላይ ቢያርፍ፣ የኋላው እግር ክብደት 1,650 ኪሎ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 825 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። የፊቱ ጎማ ከ525 ወደ 575 ብቻ ከፍ ሲል፣ የኋላው ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። አራቱንም ጎማ በአንድ ቁጥር መሙላት ለምን እንደማያዋጣ ይህ ሒሳብ ይበቃል።

እርግጠኛውን ለማወቅ የሚሻ ባለ መኪና መኪናውን በመደበኛ ጭነቱ ወደ ምድር ሚዛን ወስዶ መጀመሪያ የፊቱን እግር ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላውን እግር ብቻ ያስመዝን። እያንዳንዱን ውጤት ለሁለት ሲያካፍል አንድ ጎማ የሚሸከመውን ያገኛል። ከዚያም በጎማው ጐን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚገኘውን የጭነት ቁጥር ይመልከት። ይህ ቁጥር በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የተወሰነ ፍቺ አለው፤ 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 104 ማለት 900 ኪሎ፣ 108 ማለት 1,000 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ነው። ጎማው ይህን ያህል የሚሸከመው ግን ለዚያ ክብደት የተወሰነለትን ሙሉ ነፋስ ሲይዝ ብቻ ነው።

በላይኛው ምሳሌ የኋላ ጎማዎቹ ቁጥራቸው 104 ቢሆን 900 ኪሎ ስለሚችሉ 825 ኪሎ ይሸከማሉ። ነገር ግን ዕቃው ወደ አንድ ጐን አዘንብሎ ቢጫንና 100 ኪሎ ወደ ግራው ጎማ ቢዛወር፣ የግራው ጎማ 925 ኪሎ ይደርስበታልና ወሰኑን አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃን አስተካክሎ መጫንም የጎማ ጥበቃ ክፍል ነው። ሁለት ረድፍ ወንበር ያለው ፒክአፕ የሚጠቀም ነጋዴ ደግሞ የሰዎቹን ክብደት ከሒሳቡ ማውጣት የለበትም። በአማካይ 70 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች 350 ኪሎ ይሆናሉ፤ ሰውንና ዕቃን ጨምሮ 1,000 ኪሎ በተፈቀደለት መኪና ላይ ለዕቃ የሚቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው።

ከተፈቀደው በላይ የሚጭን ሰው ነፋስ በመጨመር ነገሩን ሊያስተካክል አይችልም። ተጨማሪ የባሌስትራ ምላጭ ማስገባትም መኪናው ወደ ኋላ እንዳይጎብጥ ያደርግ ይሆናል እንጂ የጎማውን፣ የቸርኬውንና የፍሬኑን ኃይል አይጨምርም። እንዲያውም መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ጭነቱ የበዛ መሆኑን ይሸሽጋል።

ነፋስ የሚለካው ጎማው ሲበርድ ነው

በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ለበረደ ጎማ የተወሰነ ነው። የበረደ የሚባለውም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ የዋለ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልበለጠ መንገድ የሄደ እንደ ሆነ ነው። ነፋስ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ በፒክአፕ ጎማ ውስጥ በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ግፊቱ ከ1 ተኩል እስከ 2 ፓውንድ ያህል ይለወጣል። ይህ ጭማሪ የተጠበቀ ነውና ጎማው ሞቆ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ነፋስ ማስተንፈስ ከባድ ስሕተት ነው።

ነገሩን በሚታወቅ መንገድ ላይ መመልከት ይቻላል። አንድ ሾፌር በአዲስ አበባ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ በሆነ ጊዜ የበረደውን የኋላ ጎማ በ40 ፓውንድ ሞልቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል እንበል። በአዋሽ ቆሞ ሲለካ ጎማው 60 ዲግሪ ያህል ሞቆ ቢሆን፣ መለኪያው ወደ 45 ፓውንድ ያሳየዋል። ሾፌሩ «ነፋሱ በዛ» ብሎ እስከ 40 ያስተነፍሰዋል። በማግሥቱ ንጋት ላይ የአየሩ ሙቀት 22 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ያው ጎማ ተለክቶ የሚገኘው በ34 ፓውንድ ገደማ ነው። ሾፌሩ ሳይነካው ቢቀር ኖሮ ግን 38 ይሆን ነበር። እንግዲህ ጭነቱ ሳይቀንስ፣ ከፊቱ የቆላው ረጅም ጉዞ እያለ፣ ጎማው 6 ፓውንድ ጐድሎት ይነሣል ማለት ነው። ጎማ የሚፈነዳው በነፋስ ብዛት ነው የሚለው ልማዳዊ እምነት በብዙ ቦታ ይህን ጉዳት ያመጣል፤ ይሁን እንጂ ሙቀትን አብዝቶ ጎማን የሚያፈነዳው ይበልጡን የነፋስ ማነስ ነው።

የሞቀ ጎማን መለካት የሚጠቅምበት አንድ መንገድ ግን አለ። በልምድ እንደ ታወቀው ቀላል የጭነት መኪና አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ግፊቱ ከበረደው ልክ በ6 ፓውንድ ገደማ ቢጨምር ደኅና ነው። ከዚያ እጅግ በልጦ ከተገኘ ጎማው ከመጠን በላይ እየታጠፈ መሆኑን ያመለክታል፤ መድኃኒቱም ጭነቱን ወይም ፍጥነቱን መቀነስ፣ በማግሥቱም ጎማው ሲበርድ ነፋሱን እስከ ተፈቀደው ወሰን ድረስ መጨመር ነው።

ደጋና ቆላ

ሸቀጥ ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣና ከአዲስ አበባ ሲወርድ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት ያቋርጣል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭ ባለው የአየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 14.7 ፓውንድ ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 11 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ 35 ፓውንድ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ቢወርድ መለኪያው 31 ተኩል ገደማ ብቻ ባሳየ ነበር።

ነገር ግን ቆላው ሞቃት ነውና አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይመልሳል። ያው ጎማ በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ተሞልቶ በጅቡቲ በ35 ዲግሪ ሲለካ ወደ 34 ፓውንድ ይጠጋል። በጅቡቲ በ35 ዲግሪ 35 ፓውንድ ተሞልቶ የመጣ ጎማም በአዲስ አበባ ንጋት በ10 ዲግሪ ሲለካ ልዩነቱ ከግማሽ ፓውንድ አይበልጥም። የሚያሳስበው በቆላው ብርድ ወቅት የሚደረግ ጉዞ ነው። ሌሊቱ ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ ከደጋ የመጣው ጎማ ወደ 32 ፓውንድ ዝቅ ይላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ለደጋ አንድ፣ ለቆላ ሌላ ቁጥር መያዝ አያስፈልግም፤ የሰሌዳው ቁጥር በሁለቱም ስፍራ ያው ነው። ነገር ግን በአንዱ ስፍራ የተሞላውን በሌላው ስፍራ አምኖ መጓዝ አይገባም። መንገደኛው ባደረበት ቦታ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት በንጋት መለካት አለበት።

ጎማ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ

በመልክና በልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ጎማዎች የሚፈልጉት ነፋስ ሊለያይ ይችላል። በአሜሪካ ሥርዓት ለቀላል የጭነት መኪና የተሠሩት ጎማዎች ከልኩ ጋር «ኤል.ቲ.» ተብለው የሚነበቡ ፊደላት አሉባቸው፤ ጥንካሬያቸውም በፊደል ይለያል። «ሲ» የተባለው የስድስት ድርብ ጥንካሬ ያለው ሆኖ የነፋሱ ወሰን 50 ፓውንድ፣ «ዲ» የስምንት ድርብ ሆኖ 65 ፓውንድ፣ «ኢ» የአሥር ድርብ ሆኖ 80 ፓውንድ ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ግን ከቸርኬው ቁጥር ቀጥሎ የሚቆመው «ሲ» የንግድ መኪና ጎማ ማለት እንጂ ያንን የስድስት ድርብ ደረጃ አያመለክትም። ይህን ለይቶ ሳያውቅ ትእዛዝ የሚጽፍ አስመጪ ያላሰበው ዕቃ ሊደርሰው ይችላል።

ለቤት መኪና የተሠራ ጎማ ዋጋው የቀለለ ስለ ሆነ ብዙ ባለ ፒክአፕ ይመርጠዋል። በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለው ጎማ በቀላል የጭነት መኪና ላይ ሲገጠም የመሸከም ኃይሉ በ1.10 ተካፍሎ ይታሰባል። 900 ኪሎ የሚል ጎማ ከዚህ በኋላ የሚቈጠርለት 818 ኪሎ ነው። ቀደም ብሎ በተሰጠው ምሳሌ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 825 ኪሎ ተሸክሞ ነበርና ይህ ጎማ ለዚያ ሥራ አይበቃም። በተቃራኒው ፋብሪካው ለቤት መኪና ጎማ የጻፈውን ቁጥር ይዞ «ኤል.ቲ.» የተባለውን ጎማ መሙላትም ጉድለት ነው፤ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ወፍራሙ ጎማ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋልና። የጎማውን ዓይነት የለወጠ ባለ መኪና የአዲሱን ጎማ ፋብሪካ የጭነትና የነፋስ ሠንጠረዥ መመልከት ይገባዋል፤ ሻጩም ይህን ሠንጠረዥ በሱቁ ውስጥ ቢይዝ ደንበኛ ያተርፍበታል።

የጎማው ዕድሜም መታየት አለበት። በጎማው ጐን ከሚገኘው የፋብሪካ ምልክት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በመጋዘን ብዙ ዓመት የቆየ ላስቲክ ልብሱ ሙሉ ቢሆንም እየደረቀ ስለሚሄድ በልክ በተሞላ ነፋስም ቢሆን አያስተማምንም።

ከአሜሪካ የተገኘ ትምህርት

የጥቂት ፓውንድ ልዩነት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነው ነገር ያስረዳል። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ከገበያ እንዲመለሱ አስታወቀ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተገጠሙት ኤክስፕሎረር በተባለው የፎርድ መኪና ላይ ሲሆን፣ የጎማው ልብስ በጉዞ ላይ እየተላቀቀ መኪናዎች ይገለበጡ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ ጋር የተያያዘ የ271 ሰዎች ሞት መመዝገቡን ገልጿል።

የጎማው አሠራርና የመኪናው አቋም ሁለቱም ለክርክር ቀረቡ፤ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ግን የነፋሱ ልክ ነበር። ፎርድ ለዚያ መኪና 26 ፓውንድ ሲያዝ ፋየርስቶን 30 ፓውንድ ይሻላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ወደ አንድ መቶ ዓመት የተጠጋው የሁለቱ ድርጅቶች የንግድ ወዳጅነት ፈረሰ። የአሜሪካ ምክር ቤትም ባወጣው ሕግ ምክንያት በአዳዲስ ቀላል መኪናዎች ላይ ነፋስ ሲያንስ የሚያስጠነቅቅ መብራት እንዲገባ ተደረገ። ይህ መብራት የሚበራው ግን ግፊቱ ከሰሌዳው ቁጥር በ25 ከመቶ ሲቀንስ ነው፤ 40 ፓውንድ የታዘዘለት ጎማ እስከ 30 ድረስ መብራት ሳይበራለት ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መብራቱ መለኪያን አይተካም።

የገንዘቡ ሒሳብ

ጉዳዩን በነጋዴ ዓይን ለማየት አንድ የግምት ሒሳብ ይበቃል። አንድ ጎማ 20,000 ብር ተገዝቶ በደንብ ሲያዝ 50,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው። በነፋስ ጉድለት 40,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ ወጪው 50 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ ለአራት ጎማ በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ነው፤ በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 12,000 ብር ይደርሳል። ሦስት ፒክአፕ ያለው ድርጅት 36,000 ብር በየዓመቱ በመንገድ ላይ በተነ ማለት ነው። የነዳጁም ነገር አለ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው የአራቱ ጎማዎች አማካይ ግፊት በ1 ፓውንድ ሲቀንስ አንድ ሊትር ነዳጅ የሚያስኬደው ርቀት በ0.2 ከመቶ ገደማ ያንሳል። አሥር ፓውንድ የጐደለው መኪና ከመቶ ሊትር የሁለት ሊትር ያህል ጉዞ ያጣል።

ሊጠበቅ የሚገባው ሥርዓት

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ጥሩ መለኪያ ይገዛ፤ በየጎሚስታው ያለው መለኪያ የተለያየ ነውና ሁልጊዜ በአንዱ መለካት ይሻላል። ጎማ ቀዳዳ ባይኖረው እንኳ በወር 1 ፓውንድ ያህል ነፋስ ያጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከረጅም ጉዞና ከከባድ ጭነት በፊት ደግሞ ሁልጊዜ በንጋት ይለካ። ሾፌሩ ያገኘውን ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ፤ ከአራቱ አንዱ ጎማ ብቻውን እየቀነሰ ከሄደ ምስማር፣ የቫልቩ ብልሽት ወይም የቸርኬ ጉዳት መኖሩን መዝገቡ ያጋልጣል። ከመኪናው ሥር የተሰቀለው ስኮርታ አይረሳ፤ ፊትም ኋላም ሊገጠም ስለሚችል በሰሌዳው ላይ ባለው በከፍተኛው ቁጥር ተሞልቶ ይቀመጥ።

ከአስፋልት ወጥቶ በአሸዋ ወይም በጭቃ ለሚያልፍ መኪና ነፋስን ለጊዜው መቀነስ ይረዳል። ነገር ግን በዝግታ ብቻ መሄድ፣ ወደ ደኅናው መንገድ እንደ ተመለሱም ወዲያው መሙላት ግድ ነው። ቡናና ቅባት እህል ከገጠር የሚያወጡ ነጋዴዎች ለሾፌሮቻቸው በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ቢሰጡ፣ ሾፌሩ በቀነሰ ነፋስ ሙሉ ጭነት ይዞ እስከሚቀጥለው ከተማ እንዳይሮጥ ይጠብቁታል።

ከሁሉ በላይ ኃላፊነቱ ተለይቶ ይታወቅ። የሰሌዳው ቁጥር በባዶና በጭነት፣ የፊትና የኋላ ተብሎ በአማርኛ በትልቁ ተጽፎ በሾፌሩ ፊት ይለጠፍ፤ ጭነት የሚያስጭነው ሠራተኛም የዕቃውን ክብደት ለሾፌሩ ይንገረው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ በአምስት ደቂቃ ልኬታ የሚድነውን ጎማ፣ ዕቃና የሰው ሕይወት ከፈነዳ በኋላ በገንዘብ መመለስ አይቻልም።